«ቲቸር፣ ተቀይረዋል»

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ መሀል አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አገኘኝ። ጢም አውጥቷል፣ ልጅ ታቅፏል፣ መጀመሪያ አላወቅኩትም ነበር። ሰላምታው አልቆ ልንለያይ ስንል እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ታናሽ ወንድሜ አሁን እርስዎ ጋ ነው የሚማረው። የሚያወራልኝ ሰውዬ ግን እኛን ያስተማሩንን አይመስለኝም። ተቀይረዋል።»

ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ነገሩ ግን እቤት ድረስ ተከተለኝ። እኛ አገር «ተቀየረ» መቼስ ምርቃት ሆኖ አያውቅም።

ማታ ጄኔሲስን ከፈትኩ። ባንዱን ማለቴ ነው፣ ኦሪቱን አይደለም።

ፊል ኮሊንስን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1985 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለኛው ረሃብ በተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ ለንደን ላይ ዘፍኖ፣ በዚያው ቀን በኮንኮርድ አትላንቲክን ተሻግሮ ፊላደልፊያም የዘፈነው ሰውዬ ነው። ይሄ ሰው ግን በፊት የጄኔሲስ ድራመር ነበር። ባንዱን በ1967 የጀመሩት ቻርተርሃውስ የሚባል የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው፤ እሱ በ1970 ተቀላቀላቸው። ያኔ ዘፋኙ ፒተር ጋብርኤል ነው፤ መድረክ ላይ ቀይ ቀሚስ ለብሶ የቀበሮ ጭንቅላት አጥልቆ ይወጣ ነበር። በ1972ቱ «ፎክስትሮት» አልበም ላይ «ሰፐርስ ሬዲ» የሚል 23 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ሥራ አላቸው። ፕሮግረሲቭ ሮክ እንዲህ ነው፤ አንዱን ዜማ ለመድኩት ስትሉ ሌላ በር ይከፍትባችኋል። ኮሌጅ ሳለሁ የዶርም ጓደኛዬ በፍላሽ ሰጠኝና ስንት ሌሊት እንቅልፍ አሳጣኝ።

ጋብርኤል በ1975 ወጣ። ጊታሪስቱ ስቲቭ ሃኬት በ1977 ተከተለ። ሦስት ቀሩ፤ ድራመሩም ዘፋኝ ሆኗል። በ1981 «አባካብ» የሚለውን አልበም ሲሠሩ ግን ቆርጠው ተነሡ። የቆየ ፕሮዲዩሰራቸውን ትተው ራሳቸው አዘጋጁት። ከኧርዝ ዊንድ ኤንድ ፋየር የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾችን አስመጡ። ከሁሉ የሚገርመኝ የጣሉት ነው፤ «የድሮ ሥራችንን ይመስላል» ብለው አንድ ሰዓት የሚጠጋ ሙዚቃ ጣሉ። እጃቸው የለመደውን ማለት ነው። ያን ዓመት ሆላንድ፣ ላይደን ከተማ ላይ አዲሶቹን ዘፈኖች ሲጫወቱ የገዛ አድማጮቻቸው ጮኹባቸው።

እኔም ከጯሂዎቹ ወገን ነበርኩ። ለዓመታት ጄኔሲስ ለኔ በ1977 የሞተ ባንድ ነበር። «ለገንዘብ ሲሉ ተቀየሩ» እል ነበር፣ ልክ እነሱ ቤት የኖርኩ ይመስል።

ወደ ራሴ ልምጣ። ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ጠመኔ ይዤ አርባ ደቂቃውን ሙሉ ሳወራ ነበር የማልቀው። አንዲት የእንግሊዝኛ ግስ ለማስተማር ከአያቴ በሬ እጀምር ነበር። ደወል ተደውሎ «ቲቸር ይጨርሱት!» ትሉኝ ነበር። የኔ «ሰፐርስ ሬዲ» ያ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ፣ የፈተና ወረቀቷ ጀርባ ላይ በአማርኛ ጻፈችልኝ፦ «ቲቸር ታሪክዎ ደስ ይላል። ግን ምን እንደተማርን አልገባኝም።» ከ50 ያገኘችው 11 ነው። ከስልሳ ምናምን ተማሪ ውስጥ ለፊተኞቹ ሦስት ረድፎች ብቻ ስዘፍን እንደኖርኩ ያን ቀን ገባኝ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ።

አሁን አሥር ደቂቃ አስረዳለሁ፣ ከዚያ በቡድን ይሠራሉ፣ እኔ እየዞርኩ አያለሁ። ከኋላ ያሉት እጅ ማውጣት ጀምረዋል። ግን ሁሉንም ለተማሪ ብዬ ነው ብል ውሸታም እሆናለሁ። ደክሞኝም ነው፤ ጉሮሮዬ እንደ ድሮው አይደለም። «ይጨርሱት» የሚለኝ ልጅም ከጠፋ ቆየ። እሱ ይናፍቀኛል።

ቅዳሜ ማታ «አባካብ»ን ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት። አንዳንዱ ዘፈን አሁንም አይጥመኝም፣ ላይደኖች ትንሽ እውነት ነበራቸው። ከበሮው ግን ያው የ1972ቱ ሰውዬ እጅ ነው፤ ድሮ ስጮህ አልሰማሁትም ነበር እንጂ። የ23 ደቂቃው ነገር ደግሞ የሄደ ሄዷል፣ ምንም አልተካውም። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ከበደኝ፣ ግን ሁለቱም ልክ ነው።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው፣ አዎ ተቀይሬያለሁ። ቅዳሜ ዕለት የሳቅኩት መልስ ስላልነበረኝ ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ታናሽ ወንድምህ ስንተኛው ረድፍ ላይ ነው የሚቀመጠው? አንተስ የት ነበር የምትቀመጠው?

የአያቴን በሬ ታሪክ ደግሞ ሳልጨርስላችሁ ነው የተመረቃችሁት። ልጅህን ይዘህ ና፣ ቡና እየጠጣን እጨርስልሃለሁ።