ከድብ ባሕር ቀና ብሎ ሲታይ

ከጎንደር ወደ ሰሜን ለሚጓዝ መንገደኛ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ደባርቅን አልፎ ጥቂት እንደተጓዙ ደጋው በድንገት ያበቃና ሊማሊሞ ይጀምራል። ጣሊያኖች የጠረጉት ጥንታዊው መንገድ ገደሉን እየታከከ፣ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ጠዋት ደባርቅ ላይ አጥብቀው የተከናነቡት ጋቢ ቁልቁለቱ ሳይጋመስ ይከብዳል። የገብሱ ማሳ በማሽላ ይተካል፤ ጆሮ ይደፈናል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ድብ ባሕር ትገኛለች።

ስሟ ባሕር ይበል እንጂ ባሕር የላትም። ያላት ከበላይዋ የቆመው ግድግዳ ነው። የሰሜን ተራሮችን አብዛኛው ጎብኚ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያያቸው። ድብ ባሕር ላይ ግን ሻይ ይዞ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ፣ አንገትን ቀና አድርጎ ማየት ይቻላል። ግድግዳው ወደ ምሥራቅ እየቀጠለ ሳንቃበርን፣ ግጭንና ጨነቅን ይሸከማል። በዚያ ገደል ላይ በዓለም ሌላ መኖሪያ የሌለው አንድ እንስሳ ይኖራል፤ ዋልያ።

በአውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውን ትንሽ ልጅ ዋልያ ምን እንደሆነ ብጠይቀው “ኳስ ተጫዋች!” አለኝ። አያቱ ሳቁ። “የተራራ ፍየል ነው እንጂ የኔ ልጅ” አሉት። ልጁ አልተሳሳተም፤ ብሔራዊ ቡድናችን “ዋልያዎቹ” ይባላል። አያቱ ግን እንስሳውን በዓይናቸው አይተውታል፤ ልጁ ስሙን ብቻ ነው የወረሰው።

ይህን ሳስብ ስለ አንድ ሩቅ አገር ሕዝብ ያነበብኩት ታሪክ ትዝ አለኝ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ዊነመም ዊንቱ የሚባሉ የአገሬው ተወላጆች አሉ፤ ቁጥራቸው ጥቂት ነው። አገራቸው የማክላውድ ወንዝ ነው። በዚያ ወንዝ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ይፈለፈላል፤ ወደ ውቅያኖስ ወርዶ ያድጋል፤ ከዓመታት በኋላ ወደተወለደበት ወንዝ ሽቅብ ዋኝቶ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። ለእነርሱ ሳልሞን ምግብ ብቻ ሳይሆን ዘመድ ነው። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሻስታ ግድብ ሲሠራ ግን የዓሣው መንገድ ተዘጋ፤ የሕዝቡም ብዙ መሬት በውኃ ተዋጠ።

ይሁን እንጂ ግድቡ ከመሠራቱ ከአሥርት ዓመታት በፊት ከዚያው አካባቢ የተወሰደ የሳልሞን እንቁላል በመርከብ ኒውዚላንድ ደርሶ ነበር። ዓሣው እዚያ ተራብቶ የዱር ሆኖ ይኖራል። ዊነመም ዊንቱዎች ይህን ሲሰሙ በ2010 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ድረስ ተጉዘው በወንዙ ዳር በባህላቸው ሥርዓት ጸሎትና ጭፈራ አደረጉ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከመንግሥት ተቋማት ጋር ሆነው፣ ከግድቡ በታች ካለ ማራቢያ የመጡ የሳልሞን እንቁላሎችን ወደ ማክላውድ መለሱ። የኒውዚላንዶቹን ዘመዶቻቸውን የማምጣቱንም ሐሳብ አልተዉትም።

ለእነርሱ ከባሕር ማዶ መጠባበቂያ ተገኘ። ዋልያ ግን ኒውዚላንድ የለውም። በየትኛውም አገር መካነ እንስሳት ውስጥ የሚረባ ዋልያ የለም። ከዚህ ገደል ከጠፋ ማንም፣ በምንም ገንዘብ መልሶ አያመጣውም።

ለመጥፋት ቀርቦም ያውቃል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቀረው 150 ገደማ እንደነበር ይገመታል። ሥጋው ይታደናል፤ ቀንዱ ለመጠጫ ዋንጫ ይፈለጋል፤ እርሻና ከብት ደግሞ ግጦሹን እየተሻሙ ወደ ገደሉ ገፉት። በ1969 እ.ኤ.አ. አካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ተባለ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ፤ ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2017 ነው።

በመካከሉ ዋልያ አንሰራርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. ግድም ከ800 በላይ ደርሶ ነበር። ይህን ያደረጉት ጠመንጃ ይዘው በብርድ ያደሩ የአካባቢው ተወላጅ ስካውቶችና ግጦሻቸውን የተዉ ገበሬዎች ናቸው፤ በ2016 ደግሞ ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፈሩ። ዊነመም ዊንቱዎች መሬታቸውን ያጡት በግድብ ነው፤ የግጭ ሰዎች ግን መሬታቸውን የለቀቁት ዋልያ እንዲኖር ነው። ስለ ዋልያ ስናወራ የእነርሱን ስም ዘለን ማለፍ አይገባንም።

ከዚያ ወዲህ ወረርሽኙ መጣ፤ ጦርነት ተከተለ። እንግዳ ሲጠፋ በቅሎ አከራዩ፣ አስጎብኚውና ምግብ አብሳዩ ገቢ አጡ። ተራራው እንጀራ ሳይሰጥ ሲቀር ጠባቂው ይሳሳል። በቅርብ ዓመታት የተደረገው ቆጠራ ዋልያ ወደ 300 ገደማ መውረዱን አሳይቷል። ሳልሞን በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይጥላል፤ ዋልያ ግን ብዙውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው። ስለዚህ አምስት መቶ ዋልያ ለማጣት ጥቂት ዓመታት በቂ ናቸው፤ ለመተካት ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ሊያልቅ ይችላል።

ወላጆችና አያቶች የሆናችሁ አንባብያን፣ ጊዜው ሰላም ሲሆን ልጆቹን ይዛችሁ ደባርቅ ድረስ ሂዱ። ከአገሬው ሰው አስጎብኚ ያዙ፤ በቅሎ ተከራዩ፤ እንጀራቸውን ብሉ። የምትከፍሉት ብር ከጥበቃው አንዱ ክፍል ነው። የሚሻለው ወር ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ አባርቶ፣ ደመናው ተገፎ፣ በመስከረም የተወለዱት ግልገሎች እናቶቻቸውን ተከትለው ገደል ለገደል ሲዘሉ ጨነቅ ላይ ይታያሉ።