ፋሲካ የሌለው ጾም

ሰላምታችን የሰው ገላ ላይ ይበዛል። “ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል!” “ምነው ከሳህ፣ አሞህ ነበር?” ክፋት የለውም፤ ግን የትኛው ቃል የማን ልብ ውስጥ እንደሚቀር አናውቅም።

ታናሽ እህቴ ዩኒቨርሲቲ በገባች ዓመት ለበዓል ስትመጣ ዘመድ ሁሉ “ካምፓስ ተስማማሽ፣ ወፈርሽ” አላት። በዓመቱ ከስታ መጣች። አሁን ደግሞ “አማረብሽ” ተባለች። ከዚያ ወዲህ ምግብ በቀረበ ቁጥር “ጾም ነኝ” ሆነ መልሷ። በሁዳዴ ማንም አልጠረጠረም፤ እንዲያውም ተመሰገነች። የነቃችው እናቴ ናት። ፋሲካ አልፎ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ፣ ልጅቷ አሁንም “ጾም ነኝ” አለች።

“የምን ጾም?” አለች እናቴ። እህቴ አለቀሰች።

ይህ ሕመም ነው፤ የአእምሮ ሕመም። ራስን እያስራቡ መክሳት አኖሬክሲያ ይባላል፤ ያለ ልክ በልቶ ማስመለስ ደግሞ ቡሊሚያ። ቡሊሚያ ያለባት ልጅ ላትከሳ ትችላለች፤ ስለዚህ ዓይን ብቻ አይፈርድም። ማስመለስ ሲደጋገም በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ይወርዳል፣ የልብ ምት ይዛባል። አኖሬክሲያ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ የሞት መጠናቸው ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ነው።

“የፈረንጅ በሽታ ነው” የምትሉ ፊጂን ተመልከቱ። እንደኛው መወፈር የሚያስመሰግንባት የፓስፊክ ደሴቶች አገር ናት። በ1995 እ.ኤ.አ. ቴሌቪዥን ገና ወደ አንድ አውራጃዋ እንደገባ፣ የሐርቫርዷ ሐኪም አን ቤከር የትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ጠየቀች። ለመቅጠን ብላ የምታስመልስ አንድም አልተገኘችም። በ1998 ግን 11.3 በመቶ ሆኑ። ይህ በሦስት ዓመት ቴሌቪዥን ነው። የኛ ተማሪ ቲክቶክን ከነፊልተሩ ኪሱ ይዞ ነው የሚተኛው። ወንዱም አልተረፈም፤ ጡንቻው አልበቃው ብሎ መስታወት ፊት የሚሰቃይ ሞልቷል።

ጾምን እየነቀፍኩ አይደለም። ጾም መያዣና መፍቻ አለው። ይህኛው ፋሲካ የለውም።

የዶርም ጓደኛችሁ ከሰው ጋር መብላት ከሸሸች፣ ከምግብ በኋላ ሁሌ ወደ መታጠቢያ ቤት ከሮጠች፣ “ብዪ እንጂ” ብላችሁ አትጨቅጭቋት። ቀረብ ብላችሁ ጠይቋት፤ ሐኪም ጋር አብራችኋት ሂዱ። እህቴ ሕክምና ላይ ናት፤ ደህና የምትሆንበትም፣ የማትሆንበትም ቀን አለ።

ዘመዶቼ ሆይ፣ እናንተ ደግሞ ኪሎዋን ተዉትና “እንዴት ነሽ?” በሏት። መልሷንም ቆማችሁ ስሙ።