«በካሬ ስንት ትሠራለህ?»

ሰላምታው ሳያልቅ የሚመጣው ጥያቄ ይኼ ነው። «ወንድም፣ ሴራሚክ በካሬ ስንት ታነጥፋለህ?» ለብዙ ዓመታት እኔም ወዲያው ቁጥር እጠራ ነበር። ዋጋ ሲጠየቅ የሚያመነታ ሰው ሙያ የሌለው ይመስለኝ ነበር። ደግሞም «ቆይ መጥቼ ልየው» ብል ደንበኛው ለሌላ ይደውላል ብዬ እሰጋ ነበር።

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ወደ ሙያው ለገባችሁ ልጆች ነው። ቤት የምታሠሩም ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ ባለሙያው ጥያቄ ሲያበዛባችሁ ሥራ እያጓተተ እንዳልሆነ ታውቁለታላችሁ።

ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት ነበር። ሳሎኑና ኮሪደሩ 42 ካሬ። በስልክ ተነጋገርን፣ በስልክ ተስማማን፣ ቀብድ ተቀበልኩ። ረዳቴን ይዤ ጠዋት ስደርስ ወለሉ ሊሾ ነው፤ ንጹሕ፣ ለዓይን ቀጥ ያለ። ክር ወጥሬ ውሃ ልኩን ሳስቀምጥበት ግን ከበሩ እስከ መስኮቱ ጥግ 5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። አማካዩን 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብላችሁ ብትይዙት እንኳ በ42 ካሬ ላይ ከ1 ሜትር ኩብ በላይ ማልታ ይበላል። ለዚያ የሚሆን አሸዋም ሲሚንቶም አልተገዛም። የማስተካከያው ሦስት ቀንም በሒሳቤ ውስጥ የለም።

ባለቤቱ ጨዋ ሰው ናቸው፤ አልጮኹብኝም። «ልጄ፣ መጀመሪያውኑ ለምን አልነገርከኝም?» ብቻ አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አሸዋና ሲሚንቶውን እሳቸው ገዙ፣ የእጁን እኔ ቻልኩት። ቻልኩት እላለሁ እንጂ እውነቱ ሌላ ነው። ለረዳቴ የሁለት ቀኑን ከፍዬ ሦስተኛውን «በሚቀጥለው ሥራ እሰጥሃለሁ» አልኩት። ገና ከክፍለ ሀገር የመጣ ልጅ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ባልዲውን አጠበና ሄደ። ከአንድ ወር በኋላ ከፍዬዋለሁ። በዚያ ወር ውስጥ ግን የኔን ስንፍና ተሸክሞ የኖረው እሱ ነው። ሳልጠይቅ የቀረሁት አንድ ጥያቄ ዋጋው ዞሮ ዞሮ የወደቀው ከሁላችንም በደካማው ሰው ላይ ነበር። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ከዚያ ወዲህ ወለሉን በዓይኔ ሳላይ ቁጥር አልጠራም። ሩቅ ከሆነ የታክሲዬን ራሴ እከፍላለሁ። ስደርስም መጀመሪያ የምጠይቀው «ከሥሩ ምን አለ?» ብዬ ነው።

ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ ለሠራ ሰው ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ዓይነት ቤት ልትገቡ ትችላላችሁ። ወደ አጣና ተራው በኩል ግድግዳቸው ጭቃ፣ ወለላቸው ኋላ ላይ ሊሾ የተደረገ የድሮ ቤቶች አሉ። በቤቴልና በአየር ጤና በኩል የማኅበር ቤቶች አሉ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ደግሞ አሉ፤ እዚያ የወለሉን ነገር ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው ባለዕጣው ራሱ ነው። በጭቃ ቤቱ ሊሾው ከአፈሩ ጋር አልተያያዘ ይሆናል። በመዶሻ እጀታ ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉ። ድፍን ድምፅ ከሰጠ መልካም። እንደ ባዶ ጀሪካን ካስተጋባ ሴራሚኩ ቢነጠፍበትም አብሮት ይነሳል። ያ ሊሾ ተፈንቅሎ መውጣት አለበት፤ የመፈንቀሉ ጉልበት፣ የፍርስራሹ መጫኛ፣ የመድፊያው ነገር ሁሉ ዋጋ ላይ መግባት አለበት።

ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ አትለፉት። ሰዎች ብዙ ጊዜ የማይጠይቁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ «ይሄ ስንጥቅ በጋና ክረምት ይለያያል?» በሉ። ባለቤቱ «አዎ፣ በበጋ ጣት ያስገባል፣ ክረምት ሲመጣ ይገጥማል» ካሉ ቤቱ ያለው መረሬ አፈር ላይ ሳይሆን አይቀርም። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ ወለል ላይ የቱንም ያህል ውድ ሴራሚክ ብታነጥፉ አንድ ዓመት አይቆይም። እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ሁለት ጊዜ ትቻለሁ። አንደኛው ደንበኛ ተቆጥተውኝ ነበር፤ ግን ገንዘባቸውን ከአፈር ጋር ማደባለቅ አልሆነልኝም።

(ሊሾ፣ ማልታ፣ ቦያካ፣ ዙኮሎ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያን የመጡ ናቸው። ጣሊያን በ1933 ሲወጣ ቃላቱ ግን ከግንበኛው እጅ አልወጡም። እኔ ከአሠልጣኜ ተቀበልኳቸው፣ ረዳቴ ከኔ ተቀበላቸው፤ ጣሊያንኛ መሆናቸውን ሳናውቅ።)

ዙኮሎን ካነሳሁ አይቀር፦ በግድግዳው ግርጌ ዙሪያ የሚለጠፈው ዙኮሎ በካሬ አይለካም፣ በሜትር ነው። ደረጃም እንደዚያው። ደንበኛው «በካሬ ስንት» ሲል ዙኮሎው ውስጡ ያለ ይመስለዋል፤ እኛ ደግሞ ለብቻው እንደሚታሰብ እናውቃለን፤ ማንም ሳይናገር ሥራው ያልቃል፣ በመጨረሻው ቀን ጠቡ ይነሳል። ሻወር ቤትም ሌላው ነው። 4 ካሬ ሻወር ቤት 20 ካሬ ሳሎን የማይፈጀውን ጊዜ ይፈጃል። በየቧንቧው ቀዳዳ፣ በየጥጉ ቁራጭ፣ ግድግዳው ቱንቢ ካልሆነ ደግሞ ልስኑን ማረም አለ። ለሁለቱም አንድ የካሬ ዋጋ የሚጠራ ሰው ወይ ደንበኛውን ወይ ራሱን እየጎዳ ነው።

በሩን ክፈቱና ዝጉ። ይቺ ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ሰዎች ሴራሚክ አልቆ፣ በመገጣጠሚያው የፈሰሰው ቦያካ ደርቆ፣ ዕቃ ሊያስገቡ ሲሉ የብረት በሩ ወለሉን ነክሶ ሲቆም አይቻለሁ። ከማልታው ጋር ወለሉ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። «በሩን የሚቆርጠው ማነው?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነም ጠይቁ። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ አሸዋ በጆንያ የሚሸከም ሰው አለ፤ የሱ ድካም በካሬው ውስጥ አይታይም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ መኖሩን፣ መብራት ለመቁረጫው መድረሱን ማወቅም ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሴራሚኩ። «ተገዝቷል ወይስ ሊገዛ ነው?» ካልተገዛ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም አብሬ መቁጠር እችላለሁ። ባለ 60 በ60 ብዙ ጊዜ አንድ ካርቶን ውስጥ 4 ፍሬ ነው፣ 1.44 ካሬ ያለብሳል። ለ42 ካሬ ብታካፍሉት 30 ካርቶን ይበቃል ያሰኛል። አይበቃም። ለመቁረጫና ለመሰበሪያ አንድ አሥረኛ ስትጨምሩበት 33 ካርቶን ይሆናል። ደንበኛው «ሦስቱን ካነሰ እጨምራለሁ» ቢል አትስማሙ። ካርቶኑ ጎን ላይ የምርትና የቀለም ቁጥር አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ሴራሚክ፣ ከዚያው ሱቅ፣ ሌላ ቁጥር ያለውን ትገዛላችሁ፤ ሳሎኑ መሃል ላይ እንደ ተጣፈ ሱሪ ይለያል። ለመጠባበቂያ አንድ ካርቶን አልጋ ሥር ቢቀመጥ ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ ቧንቧ ሲፈነዳና ወለል ሲቆፈር ያመሰግኑኛል።

ዋጋ ስትሰጡ ቀኑን ጻፉበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት «ከነዕቃው እሠራለሁ» ብሎ በቃል የተስማማ ሰው ከውጭ የሚመጣውን ፖርሲሊን በየትኛው ዋጋ ይግዛ? እኔ የእጅና የዕቃ ዋጋን ለይቼ እጽፋለሁ፤ የዕቃው ዋጋ ስንት ቀን እንደሚቆይም እጽፋለሁ። አንድ ገጽ ይበቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ጀምሮ ያወቀው ነገር ነው፤ ባለሙያው በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ሊያስገኝ፣ አሠሪው ደግሞ ዋጋውን ሊከፍል የሚገቡበት ውል። ውጤቱ ምን እንደሆነ ካልተጻፈ ስለ ምን እንከራከራለን?

ስለ ገንዘቡ መጠየቅ ያሳፍራል፤ ግን እጠይቃለሁ። «ገንዘቡ ተሟልቷል ወይስ እቁብ እየጠበቃችሁ ነው?» ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሌላ ሰው በሌለበት። አንዲት እናት ሎሚ ሜዳ ላይ እንዲህ ስጠይቃቸው ፊታቸው በራ። እቁቡ የሚደርሳቸው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ልጃቸው የሚዳረው ግን ከዚያ በፊት፣ በጥር ነው። ለሁሉም ባለሙያ «ገንዘብ አለ» እያሉ ነበር፤ ሥራው መሃል ላይ እንደሚቆም እያወቁ። ተቀምጠን ከፋፈልነው። እንግዳ የሚገባበት ሳሎንና መታጠቢያው ለሰርጉ፣ መኝታ ቤቶቹ እቁቡ ሲወጣ። ለሁለቱም የሚሆነውን ሴራሚክ ግን ከአንድ ቁጥር አንድ ላይ አስገዛኋቸው። ያን ጥያቄ ባልጠይቅ ኖሮ ግማሽ የተነጠፈ ሳሎን ላይ ነበር ሙሽራ የሚገባው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስትሠሩ ከደንበኛችሁ በታች የሚኖረውን ሰውም አስቡ። ሻወር ቤቱ ውሃ መከላከያ ተቀብቶ፣ ማፍሰሻው ተደፍኖ፣ ውሃ ተሞልቶ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ሳይቆይ ሴራሚክ አላነጥፍም። «ለዚህ ቀን ማነው የሚከፍለው?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ የታችኛው ቤት ኮርኒስ ላይ የሚወጣውን ቢጫ ክብ አሳያቸዋለሁ፤ ፎቶው ስልኬ ውስጥ አለ። ስሎፑም ከዚያው ጋር ነው፤ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ማፍሰሻው ካልወረደ ውሃው በር ሥር ይተኛል።

ባለፈው ዓመት ቤቴል አንድ ሻወር ቤት ሠራሁ። የምታሠራው ልጅ አሜሪካ ነው ያለችው። ፎቶ ላከችልኝ፤ ነጭ፣ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ትልቅ ፖርሲሊን፣ ለወለልም ለግድግዳም። ያማረ ነው። ዋጋ ጠየቀችኝ፣ ቁጥሩን እየጻፍኩ ነበር። እጄ ቆመና «እዚህ የሚታጠበው ማነው?» አልኳት። «እማዬ ናት፤ ብቻዋን ናት፣ እኔ ለሷ ነው የማሠራው» አለች።

እናቷ በከዘራ ነው የሚሄዱት። በማግስቱ ከሱቅ ሁለት ናሙና ለምኜ ወሰድኩ፤ አንዱ ያው የሚያብረቀርቀው፣ አንዱ ሻካራ፣ መጠኑ 30 በ30፣ ቀለሙ ወደ አመድ የሚወስደው። በረንዳው ላይ አጋደምኳቸው፤ ውሃና ትንሽ ሳሙና አፈሰስኩባቸው። ልጅቷ በቪዲዮ እያየች ነው። «እማማ፣ እጄን ይያዙና ጫማዎን አውልቀው ይርገጡልኝ» አልኳቸው። ነጩን ገና በጣታቸው ጫፍ ሲነኩት ክንዴን ጨብጠው «ኧረ በስመ አብ!» አሉ። ሻካራው ላይ ሲቆሙ እጄን ለቀቁት። ትንሽ ቆይተው ከዘራቸውንም ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

ከስልኩ ውስጥ ድምፅ አልመጣም። ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ ነበር። ከዚያ፣ «እሱን አድርግልኝ» አለችኝ፤ «ግድግዳው ላይ ደግሞ እጇን የምታሳርፍበት ብረት ይገጠምላት። እሱንም ጨምረህ ዋጋውን ንገረኝ።»