የቦንድ ወረቀትና የግብር ነገር

ግብር የሚለው ቃል በቋንቋችን ብዙ ልብስ የለበሰ ቃል ነው። በግእዝ ሥራ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን ንጉሥ ለሠራዊቱ የሚያበላው ግብዣም፣ ባላገር ለመንግሥት የሚከፍለው ገንዘብም ግብር ይባላል። ገበሬ የሚለውም ስም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። እንግዲህ አንዱ ቃል የሚሠራውን፣ የሚከፍለውንና የሚበላውን ሁሉ በአንድነት ይዞ ይኖራል። በአገራችን ግን ከሦስቱ ይልቅ በልብ የቀረው የሚከፈለው ነው፤ እርሱም ከፍርሃት ጋር ነው። ከዓባይ ማዶ በጎጃም በ1960 ዓ.ም. ስለ እርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ምን ያህል ሁከት እንደ ተነሣ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። የዚያ ጊዜ ገበሬ የፈራው የሚከፍለውን ብር ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ሲለካና ሲመዘገብ ርስቱ ከእጁ የሚወጣ መስሎት ነበር። ያልተረዱት ግብር ከተረዱት ግብር ይልቅ ይከብዳል የምለው ስለዚህ ነው።

እኔ በደብረ ታቦር ከተማ ዘመኔን በማስተማር የፈጸምሁ፣ አሁን በጡረታ የምኖር ሰው ነኝ። ጎረቤቶቼ ደብዳቤ ሲመጣላቸው፣ ውል ሲፈራረሙ፣ ከመሥሪያ ቤት ወረቀት ሲደርሳቸው ወደ እኔ ማምጣት ልማዳቸው ነው። ዛሬ ለውድ አንባቢያን የማቀርበውም ከነዚህ ወረቀቶች ስለ አንዱ ነው።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በተጣለ ጊዜ፣ ለሥራው የሚሆነውን ገንዘብ ሕዝቡ ቦንድ እየገዛ እንዲያዋጣ ጥሪ ተደረገ። ቦንድ ማለት የብድር ወረቀት ነው፤ አበዳሪው ሕዝቡ ነው፣ ወረቀቱም የመመለሻውን ጊዜ ይናገራል። ወለድ ለሚፈልግ በወለድ፣ ወለድ ለማይሻ ያለ ወለድ ተሸጠ። መምህሩ፣ የጤና ሠራተኛው፣ የጽሕፈት ቤቱ ሹም ሁሉ የወር ደመወዙን በየወሩ እያስቆረጠ ገዛ። እኛም በጉና ግርጌ የምንኖር ሰዎች ነገሩ የሩቅ አገር ነገር አልመሰለንም፤ የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተነሥተው ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ፣ ከጣናም ዓባይ ይወጣል። በደጃችን የሚያልፈው ውኃ ጉባ ደርሶ መብራት ይሆናል ብለን ደስ አለን። ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

የጎረቤቴ ባል መምህር ነበረ። ከደመወዙ እያስቆረጠ በሦስት ጊዜ 6,000 ብር ቦንድ ገዝቶ፣ ወረቀቶቹን በሳጥን ውስጥ አኑሮ፣ ስለ ነገሩ ለሚስቱ በቂ ቃል ሳይነግራት በድንገት ዐረፈ። ዓመታት አለፉ። ልጃቸው ትምህርቷን ጨርሳ ወደ ኮሌጅ በምትሄድበት ዓመት ሳጥኑ ተከፈተና ወረቀቶቹ ተገኙ። ይህን ጊዜ አንድ የሥጋ ዘመድ፣ ጉዳዩን የሚያውቅ መስሎ፣ «ቦንድ ጊዜው ካለፈ በኋላ ሲመነዘር መንግሥት እኩሌታውን በግብር ይወስደዋል፤ እኔ ግን ላንቺ ስል 4,000 ብር ሰጥቼ እረከብሻለሁ፤ ጣጣውንም እኔ እችለዋለሁ» አላት።

እርሷም ወረቀቶቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣችና፣ «ጋሼ፣ ይህ ነገር እውነት ነውን? ልጄ የምትሄድበት ቀን ደርሷል፤ ከነአካቴው ከማጣ የሰጠኝን ልቀበል እንዴ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ቀኑ አይለፍብሽ እንጂ ገንዘቡስ አይሸሽም፤ አስቀድመን ወረቀቱን እናንብበው» አልኋት።

በወረቀቶቹም ላይ የተጻፈው ያለ ወለድ የሚል ነበረ። ባሏ ወለድ መብላትን የማይወድ ሰው እንደ ነበረ አውቃለሁና አላስገረመኝም። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሚቀረው ማስተዋል ብቻ ነው። የገቢ ግብር የሚጣለው በገቢ ላይ ነው። ያበደሩትን ገንዘብ መልሶ መቀበል ግን ገቢ አይደለም፤ ትናንት ለጎረቤቱ አንድ ቁና እህል ያበደረ ሰው ዛሬ ቁናውን ቢቀበል አተረፈ እንደማይባል ነው። ወለድ የሌለው ቦንድ ሲመለስ የሚመለሰው ዋናው ገንዘብ ብቻ ስለ ሆነ፣ በወለድ ላይ የሚጣል ግብር የሚያርፍበት ነገር የለም። የዘመዷ «እኩሌታ» ከየት እንደ መጣ ከእርሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ቦንዱ የወለድ ቢሆንስ? ይህን የሚጠይቁ ቤተ ሰቦች ብዙዎች ናቸውና በዝርዝር ልናገር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለወለድ ገቢ ሁለት መጣኔ ደንግጓል፤ በባንክ ለሚቀመጥ ቁጠባ ከወለዱ 5 በመቶ፣ ለሌላው ወለድ 10 በመቶ። ግብሩን የሚቀንሰው ወለዱን የሚከፍለው ባንክ ነው፤ ባለገንዘቡ የሚቀበለው የቀረውን ነው፤ በዚያ ወለድ ላይም ዳግመኛ አይጠየቅም። ለምሳሌ አንድ ሰው 10,000 ብር በዓመት 6 በመቶ ወለድ ለ5 ዓመት ቢያበድር፣ ወለዱ 3,000 ብር ይሆናል። ግብሩ 10 በመቶ ቢሆን 300 ብር ይቀነሳል፤ ሰውየው 12,700 ብር ይቀበላል። ልብ በሉ፤ 10 በመቶው የተቆጠረው በ3,000 ላይ እንጂ በ13,000 ላይ አይደለም። ዋናውን ገንዘብ ግብር አይነካውም።

ሆኖም ሁለት ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ አዋጁ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ተሻሽሏልና፣ ደግሞም አንዳንድ ቦንድ በውሉ ወይም በሕግ ከግብር ነጻ ሊደረግ ይችላልና፣ ወረቀቱን የያዘ ሰው በሚመነዝርበት ቀን ያለውን መጣኔ ባንኩን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የተቀነሰም ካለ ደረሰኙን ይያዝ። ሁለተኛው፣ ቦንድን ይዞ ቆይቶ ጊዜው ሲደርስ መመንዘር ሌላ ነው፤ ከገዙበት ዋጋ አስበልጦ ለሌላ ሰው መሸጥ ሌላ ነው። ከሽያጭ የሚገኘውን ጥቅም ሕጉ ለብቻው ይመለከተዋል። በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ስለ ጀመረ፣ እንዲህ ያለው ወረቀት ወደ ፊት በብዙ ሰው እጅ ይገባል፤ ልዩነቱን ከወዲሁ ማወቅ ይበጃል።

በባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻችንም ይኸው ጥያቄ አለባቸው። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የግድቡን ቦንድ በዶላር ገዝተው ነበር፤ ነገር ግን ቦንዱ በአገሩ ሕግ ሳይመዘገብ ስለ ተሸጠ፣ በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ከአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ጋር ተስማማ። ቦንዱን የገዙት ከ3,100 የሚበልጡ ሰዎች ነበሩ። የአሜሪካ ሕግ ነዋሪውን በውጭ አገር ባገኘው ወለድ ጭምር ግብር ያስከፍለዋልና፣ እነዚህ ሰዎች ዋናውን ከወለዱ ለይተው መጻፍ ነበረባቸው።

የዚያ አገር መንግሥት ራሱ የሚሸጠው ኢኢ የተባለው የቁጠባ ቦንድ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ወለዱ እስከ 30 ዓመት ይጠራቀማል፤ ባለቤቱ ግብሩን በየዓመቱ ሊከፍል ወይም እስከ መጨረሻው ሊያቆየው ይችላል። ክፍለ ግዛቶቹ አይነኩትም፤ የፌዴራሉ መንግሥት ግን ግብሩን ይጠይቃል። 30 ዓመት ሲሞላው ቦንዱ መውለዱን ያቆማል፤ ባለቤቱ ባይመነዝረውም እንኳ ሳይከፈል የቆየው ወለድ ሁሉ የዚያ ዓመት ገቢ ሆኖ ይቆጠራል። እንግዲህ ወረቀቱን በሳጥን የረሳ ሰው በሁለት በኩል ይጎዳል፤ ገንዘቡ አይወልድም፣ ግብሩ ግን አይረሳውም።

ወደ ጎረቤቴ ነገር ልመለስ። የሟች ቦንድ የሚመነዘረው ለወራሽ ስለ ሆነ፣ አስቀድማ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አወጣች፤ ከዚያም ወረቀቶቹንና መታወቂያዋን ይዛ ባንክ ሄደች። 6,000 ብሩ ሳይጎድል ተከፈላት። ዘመዷም ከዚያ ወዲህ ስለ ግብር አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ነገር ግን ደስታዋ ሙሉ ነበር ብል እውነቱን መሸሸግ ይሆንብኛል። ባሏ ገንዘቡን ባበደረ ጊዜ 6,000 ብር በርካታ ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ አንድ ኩንታል አይሞላም። ልጇም ሒሳቡን በደብተር ጫፍ ሠርታ፣ «አባባ ያበደረው ይህን አልነበረም» አለች። የምመልስላት አጣሁ። የዋጋ መናር ምንም አዋጅ ሳይታወጅበት፣ ደረሰኝም ሳይቆረጥበት ከድኻውም ከባለጸጋውም ሳጥን ገብቶ የሚወስድ ግብር ነው። በወለድ ያበደረም ቢሆን አላመለጠውም፤ ኑሮ በዓመት ከ20 እና ከ30 በመቶ በላይ በተወደደባቸው ዓመታት የ6 በመቶ ወለድ ጉድለቱን አልሞላም፤ ግብሩ ግን የሚቆጠረው ወለዱ በቁጥር ስለ በዛ እንጂ ባለገንዘቡ በእውነት ስለ ተጠቀመ አይደለም። እናትየዋ ግን ልጇን እንዲህ አለቻት፤ «አባትሽ ያበደረው ለመብራት ነው፤ መብራቱ በርቷል። የቀረው ለደብተርሽና ለመሳፈሪያሽ ይበቃል፤ ሌላውን እኔ ሠርቼ እሞላለሁ።» ልጅቱም በዚያው ሳምንት ወደ ኮሌጅዋ ሄደች።

እኔ ከዚህ ሁሉ ለአንባቢ የማተርፈው ቃል አጭር ነው። አባወራ ሆይ፣ በስምህ ያለውን ቦንድ፣ የቁጠባ ደብተርና የብድር ውል በአንድ ወረቀት ዘርዝረህ፣ የተገዛበትን ቀን፣ የሚመለስበትን ጊዜ፣ ወለድ ያለው ወይም የሌለው መሆኑን ጽፈህ፣ ለሚስትህ አንብብላት፤ ልጆችህም ይስሙ። እመቤት ሆይ፣ ጊዜው የደረሰውን ወረቀት በሳጥን አታሳድሪው፤ ማንም ዘመድ ስለ ግብር ቢያስፈራራሽ «በስንት በመቶ? በየትኛው ገንዘብ ላይ?» ብለሽ ጠይቂ። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላት ሴት ታላቅ ጋሻ ናቸው። ግብር ሲደርስ መክፈል ተገቢ ነው፤ ባልደረሰ ግብር ስም የሙት ልጅን ገንዘብ መውሰድ ግን ከቶ ግብር አይባልም።