ስለ መንገደኛ ቀረጥ

ቀረጥ የሚሰበሰብበትን ስፍራ የግዕዝ ወንጌል ምጽባሕ ይለዋል፤ ሐዋርያው ማቴዎስም የተጠራው በዚያ ተቀምጦ ሳለ ነው። ግብሩ ጸባሕት ይባላል፤ የንጋት ስም ደግሞ ጽባሕ ነው። የቅኔ ተማሪ እነዚህ ቃላት በፊደል እንዲህ መቀራረባቸውን ባየ ጊዜ አንዱን ሰም፣ ሁለተኛውን ወርቅ ሊያደርግ ይወዳል። እኔም ስለ መንገደኛ ቀረጥ ጥቂት ለመናገር ያሰብሁት ከጎንደርና ከሰሜን ደጋ ተነሥተው ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ የሚሄዱ ወገኖቻችን የሚገባቸውን ገንዘብ ሳያውቁት በሰው አገር ትተው ሲመለሱ ስላየሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ አገር በሚሸጥ ዕቃ ዋጋ ውስጥ ለመንግሥት የሚገባ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። በአገራችን ይህ ታክስ በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 285 ተደንግጓል፤ ልኩም ከመቶ 15 ነው። እንግዲህ ታክስ ያለበትን ዕቃ በ115 ብር የገዛ ሰው 100ውን ለነጋዴው፣ 15ቱን ለመንግሥት ከፍሏል ማለት ነው። ሕግ ዐዋቂዎች ግን ይህ ታክስ የሚገባው ዕቃው ለሚለበስበትና ለሚበላበት አገር ነው ይላሉ። ስለዚህ እንግዳው የገዛውን ይዞ ከአገር ሲወጣ የከፈለውን ታክስ የሚመልሱለት መንግሥታት አሉ። ይህም ምጽዋት አይደለም፤ የራሱን ለራሱ መመለስ ነው።

በአይሮፕላን ማረፊያ የምናየው ከቀረጥ ነፃ ሱቅ ግን ከዚህ ይለያል። በእርሱ ዘንድ ቀረጡ ከመጀመሪያው በዋጋው ላይ አይጨመርም። እንዲህ ያለው ሱቅ በአይሮፕላን ማረፊያ መጀመሪያ የተከፈተው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 ዓመት በአየርላንድ በሻነን ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ በቦሌም ይገኛል። በዚያ መግዛት ዕውቀት አይፈልግም፤ ገንዘብ ብቻ ይበቃል። የተከፈለውን ታክስ ማስመለስ ግን ዕውቀት ይፈልጋል፤ ችግሩም ከዚህ ላይ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ለትንሣኤ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ከሄዱት ጋራ ነበርሁ። ከዳባት አጥቢያ የመጡ አንዲት እማሆይ ምእመናን ብር በብር አዋጥተው በሰጡዋቸው ገንዘብ ለደብራቸው መጎናጸፊያ የሚሆን ጨርቅ በ585 ሰቅል ገዝተው ነበር። በዚያን ጊዜ የእስራኤል ታክስ ከመቶ 17 ስለ ነበረ ከዚህ ውስጥ 85ቱ ሰቅል ታክስ ነው። በቤን ጉርዮን አይሮፕላን ማረፊያ ተሰልፈን ሳለን አንድ የአገራችን ወጣት ሽቱና ጫማ የገዛበትን ወረቀት ይዞ ታክሱን ሲቀበል አዩና፣

«የኔታ፣ ይህ ልጅ ምን ይቀበላል?» አሉኝ።

ነገሩን ነገርኋቸው። ወጣቱም እያስተረጐመ ስለ ጨርቃቸው ጠየቀላቸው፤ ዳሩ ግን ባለሱቁ ደረሰኝ አልሰጣቸውም ነበርና ያለ ወረቀት የሚመለስ ገንዘብ የለም ተባለ።

«ገንዘቡ የእኔ ነበር?» አሉ።

«አዎን፣ የእርስዎ ነበር።»

«የእኔ ከሆነ በገዛሁ ጊዜ ስለ ምን አልነገሩኝም?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ አልነበረም። እማሆይም ጨርቁን በነጠላቸው ጠቅልለው ሰልፋቸውን ያዙ።

አንባቢ ሆይ፣ ሕጉን አልነቅፍም። ያለ ማስረጃ የሚከፈል ገንዘብ ለሌባ በር ይከፍታል። ነገር ግን መብት ለሚያነብና ለሚጠይቅ ብቻ ሲደርስ፣ ሽቱ የገዛው ተቀብሎ ለቤተ እግዚአብሔር የገዛችው ስትቀር፣ ትክክል የሆነው ሕግ በሥራው ያዳላል።

የአገራችን ታሪክ ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል። የጎንደር ሲራራ ነጋዴ ወደ መተማም ሆነ ወደ ምፅዋ ሲወርድ በየኬላው እየቆመ ይቀረጥ ነበር፤ ከተነሣ እስኪደርስ ስንት እንደሚከፍልም አስቀድሞ አያውቅም። ዐፄ ቴዎድሮስ በሰሜን በደረስጌ ማርያም በነገሡበት በ1847 ዓ.ም. ይህን ግፍ አስቀርተው ቀረጥ በመላው ግዛታቸው በሦስት ስፍራ ብቻ እንዲከፈል ማዘዛቸውን የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ለመንግሥቱ ጽፏል። የዚህ ትእዛዝ ጥቅም የቀረጡ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ነጋዴው የሚከፍልበትን ስፍራ ማወቁም ነበር። ዛሬ ከጎንደር በአይሮፕላን የሚነሣ ተሳላሚ በአዘዞ የሚሳፈርበት ማረፊያ በእኚሁ ንጉሥ ስም ይጠራል።

ስለዚህ ተሳላሚዎችን የሚያዘጋጁ ካህናትና መምህራን ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ ሲያስተምሩ ይህንንም ቢጨምሩ መልካም ነው። ከመግዛት በፊት ሱቁ ታክስ የማስመለስ ፈቃድ ያለው መሆኑን መጠየቅ፤ ፓስፖርት አሳይቶ ደረሰኙን መቀበል፤ ዕቃውን ከሚጫነው ሻንጣ ሳይከቱ ለጉምሩክ ሹም ማሳየት ይገባል። ገንዘቡ የሚመለሰው ከተወሰነ ዋጋ በላይ ለገዛ ነውና በየሱቁ ከመበተን በአንድ ሱቅ መግዛት ይሻላል። ደንቡም በሁሉ አገር አንድ አይደለም፤ እንግሊዝ በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለመንገደኛ መመለሱን በለንደንና በቀሩት የብሪታንያ ከተሞች አስቀርታለች።

ደግሞ ከዚህ ተቃራኒ የሆነውንም ማስተማር ይገባል። መንገደኛ ለራሱ መገልገያ የያዘው ጓዝ በጉምሩክ ምሕረት ሲያገኝ ያዩ አንዳንድ ሰዎች ሸቀጣቸውን በተሳላሚ ሻንጣ ለማሳለፍ ይለምናሉ። የማያውቁትን ዕቃ በስማቸው መያዝ ለነፍስም ለሥጋም አደጋ ነው። የራስን ሳይተዉ መቀበል፣ የመንግሥትንም ሳይሸሽጉ መስጠት አንድ ጽድቅ ነው።

የቅኔውም ወርቅ ይህ ነው። ሕዝብ የሚከፍለውንና የሚመለስለትን ያላወቀበት ጸባሕት ሌሊት ነው፤ ያወቀበት ግን ጽባሕ ይሆንለታል።