ሐኪም ሳይሆኑ ሕክምናን መማር

በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ዓመት፣ ፍሬሽማን የሚባለው፣ ከመማሪያነቱ ይልቅ መለያነቱ ያመዝናል፤ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ብሔራዊ ፈተናና የዓመቱ ነጥብ ተዳምረው ሕክምና የሚገባውንና የማይገባውን ስለሚለዩ፣ ተማሪው ባዮሎጂን የሚያጠናው ሕዋስን ለማወቅ ሳይሆን በዲፓርትመንት መምረጫው ቅጽ በአንደኛ ተራ የጻፈውን ምኞት ለማስከበር ነው። እኔም ወደ ስዊድን ወደ ወላጆቼ ከመምጣቴ በፊት በዚሁ መንገድ ያለፍሁ በመሆኔ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በዶርም ኮሪደር ጋቢ ተከናንቦ ሀንድአውት የሚሸመድድ ወጣት ስንቱን ነገር በቃሉ እንደሚይዝ፣ የያዘውንም ከፋይናሉ ማግስት እንዴት ፈጥኖ እንደሚያራግፈው አውቃለሁ።

ይህን ማለቴ ግን የቃልን ትምህርት ለማቃለል አይደለም። የቅኔ ቤት ደቀ መዝሙር ግሱንና አገባቡን በቃሉ የሚያጠናው የራሱን አዲስ ቅኔ ለመቁጠር ነው፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ እንደ አዲስ አድርጎ ለመምህሩ ቢነግር የሚጠብቀው ተግሣጽ ነው። ዘመናዊው ትምህርታችን ከዚያ ቤት መያዙን ወርሶ መፍጠሩን የተወው ይመስለኛል።

አሁን የባዮሜዲሲን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሆንሁበት ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1810 የተመሠረተ፣ የሕክምናውን የኖቤል ሽልማት የሚወስኑት ፕሮፌሰሮች የሚያስተምሩበት ቤት ነው፤ እንዲህ ካለው ደብር ገብቼ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የታዘዝሁት ታላቅ ተግባር ግን ውኃ መመዘን ነበር። በፒፔት 100 ማይክሮሊትር ውኃ ቀድቶ በሚዛን ላይ ማንጠባጠብ፤ ክብደቱ 0.1 ግራም መምጣት አለበት፤ ደግሞ መቅዳት፣ ደግሞ መመዘን፣ በመጨረሻም የልኬቶቹን አማካይና ልዩነት አስልቶ መጻፍ። የፒፔቱን አዝራር የተጫነ አውራ ጣት ፈጥኖ ቢለቀቅ ከጫፉ የአየር አረፋ ይገባና ሚዛኑ ወዲያው ያጋልጣል፤ እጅ ከሰውነት ጋር ምን ያህል ተጣልቶ እንደሚኖር ያየሁት ያን ቀን ነው። በሀገር ቤት ቤተ ሙከራ መላው ቡድን አንዲቱን ማይክሮስኮፕ ከቦ፣ እያንዳንዱ በአንድ ዓይኑ ተሳልሞ ያልፍ ስለነበር፣ ለእጅ የሚተርፍ ጊዜ አልነበረም።

ይልቁንም የሚያስገርመው የፈተናው ሥርዓት ነው። እዚህ ኮርሶቹ በአብዛኛው አንዱ ሲያልቅ ሌላው ስለሚጀመር ተማሪው ሳምንታቱን ሁሉ ለአንድ ጉዳይ ይሰጣል፤ የወደቀም እንደ ሆነ «ኦምተንታ» የሚሉት ዳግመኛ ፈተና ይጠብቀዋል፤ መውደቅ እንደ ነውር አይቆጠርም፣ የሚቀጥለውንም ሕይወት አይወስንም። ይህ መለዘብ የሚያሰንፈው ተማሪ መኖሩን አልክድም፤ ነገር ግን የሀገር ቤቱ ፍርሃት ያተጋቸውን ያህል ያባከናቸውንም ጓደኞቼን አስታውሳለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በስቶክሆልም ያሉ እናቶች ጠበል ጻዲቅ ሲያድሉ የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው።

«ምን ትማራለህ፣ ልጄ?»

«ባዮሜዲሲን።»

«እሰይ! የሆስፒታል ማሽን ትጠግናለህ ማለት ነው?»

ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ የሚባለው መስክ በሀገራችን ስለሚታወቅ ግምቱ ያለ ምክንያት አይደለም። «ታዲያ መጨረሻህ ምንድር ነው?» የሚለው ተከታዩ ጥያቄ ግን ከባድ ነው፤ እውነቱም ይህ ነው፦ ከሦስት ዓመት በኋላ የማገኘው ዲግሪ የሙያ ፈቃድ አያስይዝም፤ ሐኪም አልባልበትም፤ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ደምና ሽንት የሚመረምሩት ባለ ፈቃድ ባለሙያዎች እንኳ በሌላ ትምህርት የሚያልፉ ናቸው። ከፊቴ ማስተርስ አለ፤ ከዚያም የዶክትሬት ጥናት፤ እርሱ በስዊድን ደመወዝ የሚከፈልበት የአራት ዓመት ሥራ መሆኑን ስነግራቸው እናቶቹ ፊታቸው ይፈታል። አልነቅፋቸውም፤ ስደት ላይ ልጅ ያሳደገ ሰው ስለ እንጀራ መጠየቅ ይገባዋል።

የእኔ ዕቅድ የተወለደው አያቴ ካሉበት ከላይ ጋይንት ነው። በደጋው ሀገራችን ቁንጭር የሚባል የቆዳ ደዌ አለ፤ ፊትን አቍስሎ ጠባሳ ይተዋል። ዋነኛ መንሥኤው ሊሽማንያ ኤትዮፒካ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን፣ በገደል ዋሻ ከሚኖረው ሽኮኮ ወደ ሰው የሚያሻግረውም የአሸዋ ዝንብ የሚሉት ደቃቅ ነፍሳ ነው። ልቡናዬን የያዘው ምሥጢር ይህ ነው፦ ያው ተሕዋስ በአንዱ ሰው ላይ አንዲት ቍስል ብቻ አውጥቶ ከጊዜ በኋላ ሲሽር፣ በሌላው ላይ ግን የሰውነቱ መከላከያ ሳይነሣበት ቀርቶ በመላው ቆዳ ይሰራጫል። ሐኪሙ ቍስሉን ያክማል፤ መከላከያው ለምን እንደ ተኛ የሚመረምር ደግሞ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያስተዋሉት አክሊሉ ለማም ዶክተር የተባሉት በምርምር ነው፤ በሽተኛ አክመው አይደለም።

በአዲስ አበባ እንዲህ ያለውን ጥናት የሚሠራው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970 ሲመሠረት የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች እጅ ነበረበት፤ የምረቃ ጥናቴን በዚያ ለመሥራት ከወዲሁ የምጽፈው ደብዳቤም መንገዱ የተጠረገለት ይመስለኛል። ዳዊት ደጋሚዋ አያቴ ይህን ሁሉ በስልክ ሰምተው፣ ሽኮኮን ከመዝሙሩም ከገደሉም ያውቁታልና፣ ጥቂት ዝም አሉ።

«መርፌ ግን አትወጋም?»

«አልወጋም፣ እምዬ።»

«እንግዲያስ የጎረቤታችን ልጅ ፊት ከመበላሸቱ በፊት ቶሎ ጨርስ» አሉኝ፤ እኔም ዐሥር ዓመት ያህል እንደሚፈጅ ለመንገር አልደፈርሁም።