የመጀመሪያው ሳቅ የማን ነው?

በጁላይ 2014 መጨረሻ ላይ ሁለት ደቂቃ ገደማ የሚሆን ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቀይ ጭንብል ያጠለቀ ሰው ድልድይ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሙዚቃ ያዳምጣል። ከዚያ ቁልቁል ይዘልና ከሥር በሚያልፍ መኪና ውስጥ ይገባል። ውስጥ ካሉት ወንበዴዎች ጋር እየተደባደበ ይቀልዳል፤ በመሃል ደግሞ ወደ ካሜራው ዞሮ ተመልካቹን ያናግራል።

ቪዲዮው ለሕዝብ ዓይን የተሠራ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ቲም ሚለር «ዴድፑል» የተባለውን የማርቭል ገጸ ባሕርይ ወደ ፊልም ለማምጣት ስቱዲዮውን ያሳምንልኛል ብሎ ያዘጋጀው ሙከራ ነበር። ስቱዲዮው ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ ግን አይቶት ዝም ብሏል። ምክንያቱም አይጠፋም። ተሳዳቢ፣ ደም አፍሳሽና ቀልደኛ ጀግና ልጆች ሊያዩት አይችሉም፤ ልጆች የማያዩት የሱፐርሂሮ ፊልም ደግሞ ገንዘብ አያመጣም ተብሎ ይታመን ነበር። በዚያ ላይ ተዋናዩ ራያን ሬይኖልድስ በ2009 ይህንኑ ገጸ ባሕርይ በአንድ የወልቨሪን ፊልም ላይ ተጫውቶት ነበር። ያ ፊልም በአፉ የሚታወቀውን ሰውዬ አፉን ሰፍቶ ስላቀረበው አንባቢዎቹ በጣም ተቆጥተዋል።

ስቱዲዮው ዝም ቢልም ቪዲዮውን ያየው ሕዝብ ዝም አላለም። በሰዓታት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበለው። «ይህ ፊልም እስካሁን ለምን አልተሠራም?» የሚለው ጥያቄ ከየአቅጣጫው መጣ። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በሴፕቴምበር፣ ፎክስ ፊልሙ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2016 እንደሚወጣ አስታወቀ።

የተመደበለት 58 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለዚህ ዓይነት ፊልም ትንሽ የሚባል ገንዘብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በሰሜን አሜሪካ ብቻ 132 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። በመላው ዓለም ደግሞ ወደ 782 ሚሊዮን ደረሰ፤ ያውም በቻይና ሲኒማ ቤቶች ሳይታይ። ያው ስቱዲዮ በዚያው ዓመት ያወጣው «ኤክስ ሜን፦ አፖካሊፕስ» ሦስት እጥፍ ያህል ወጪ ተደርጎበት 544 ሚሊዮን ገደማ ነው ያስገባው።

ከዚህ ታሪክ በኋላ ብዙዎች አንድ ቀላል ትምህርት ወሰዱ፤ የተመልካቹን የመጀመሪያ ድምፅ የሰማ ይጠቀማል የሚል። ትምህርቱ ግማሽ እውነት አለው። የቀረው ግማሽ ግን ተመልካችንም ስቱዲዮንም ሲያስከፍል ኖሯል።

ዛሬ አንድ ትልቅ ፊልም ከመውጣቱ በፊት የሚሰማው «የመጀመሪያ አስተያየት» እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል። ስቱዲዮው ጋዜጠኞችን፣ የዩቲዩብ ሰዎችንና ታዋቂ አድናቂዎችን ይጠራል፤ ፊልሙን ያሳያል። ከዚያ ሁለት ቀነ ገደብ ያስቀምጣል። በመጀመሪያው ቀን ተጋባዦቹ ስሜታቸውን በማኅበራዊ ሚዲያ በአጭሩ እንዲጽፉ ይፈቀድላቸዋል። ሙሉ ሂስ ማውጣት የሚቻለው ግን በሁለተኛው ቀን፣ ብዙ ጊዜ ፊልሙ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል አየሩን የሚሞላው አጭሩና ሞቅ ያለው ቃል ብቻ ይሆናል። ማንም አልዋሸም፤ ማንም ጉቦ አልበላም። ሆኖም ማን እንደሚናገር፣ መቼ እንደሚናገርና ስንት መስመር እንደሚናገር የወሰነው ሻጩ ነው።

የ2023ቱ «ዘ ፍላሽ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፊልሙ ቀልድ የበዛበት የሱፐርሂሮ ፊልም ነው። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ላይ የዲሲ ስቱዲዮስ አዲሱ ኃላፊ ጄምስ ገን እስካሁን ከተሠሩት ታላላቅ የሱፐርሂሮ ፊልሞች አንዱ ሳይሆን እንደማይቀር ተናገረ። በኤፕሪል ላስ ቬጋስ ውስጥ በሚካሄደው የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ጉባኤ፣ በሲኒማኮን፣ ፊልሙ ቀድሞ ታየ፤ ከአዳራሹ የወጣው ድምፅ በአብዛኛው ሙገሳ ነበር። ደራሲው ስቲቨን ኪንግ እንኳ ቀድሞ አይቶት እንደወደደው ጽፏል።

ጁን ላይ ሲኒማ ቤቶች በራቸውን ሲከፍቱ ግን 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ፊልም በአሜሪካ የመጀመሪያ ሳምንቱን መጨረሻ በ55 ሚሊዮን ብቻ ዘጋ። በሁለተኛው ሳምንት ገቢው ከ70 በመቶ በላይ ወደቀ። በመላው ዓለም ያገኘው 271 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን ከዚህ ላይ ሲኒማ ቤቶቹ የሚወስዱት ድርሻ ይቀነሳል። ቀድመው ያዩት ሰዎች የተሰማቸውን ነው የተናገሩት። ስህተቱ የእነሱን ስሜት የሕዝብ ስሜት አድርጎ መቁጠሩ ላይ ነበር።

ነገሩ በቀልድ ፊልም ላይ ሲሆን ይብሳል። ምክንያቱ ያለው ሳቅ በሚሠራበት መንገድ ውስጥ ነው።

አስፈሪ ፊልም ብቻውን የተቀመጠን ሰውም ያስፈራል። ሳቅ ግን ተላላፊ ነው። አንድ ረድፍ ሲስቅ ቀጣዩ ረድፍ ቀልዱ ገባውም አልገባው ይከተላል። የመጀመሪያው አዳራሽ ደግሞ የሚሞላው መጽሐፉን ባነበቡ፣ የተዋናዩን ያለፈ ውድቀት በሚያውቁና ለመሳቅ ተዘጋጅተው በመጡ ሰዎች ነው። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ይህን ያውቀዋል። አዝማሪው ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ጠጉር፣ ሆድና ቁጥብነት አንስቶ ሲገጥም ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ያንኑ ግጥም በማግስቱ መሥሪያ ቤት ሄዶ ለባልደረባ የነገረ ግን ፊቱን ሲያይ ይደነግጣል። ግጥሙ አልተበላሸም፤ የጎደለው ተወራፊው ሰውዬና ሰውዬውን የሚያውቀው ቤት ነው።

በኮሚክ መጻሕፍት ላይ የተመሠረቱ የቀልድ ፊልሞች ይህን ፈተና ደጋግመው ወድቀዋል። ማቲው ቮን «ኪክ አስ»ን ሲሠራ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች አንፈልግም ብለውት ገንዘቡን ከራሱ መንገድ ነበር ያሰባሰበው። በ2009 የተወሰነውን ክፍል ሳን ዲዬጎ ኮሚክ ኮን ላይ ሲያሳይ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ፤ የአሜሪካውን መብትም ላየንስጌት ገዛው። በኤፕሪል 2010 ሲወጣ የመጀመሪያ ሳምንቱ መጨረሻ 19.8 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። በዓለም ዙሪያ 96 ሚሊዮን ያህል ስላስገባና ወጪው 30 ሚሊዮን ገደማ ስለነበር ኪሳራ አይባልም። አዳራሹ የተነበየው ጎርፍ ግን አልመጣም።

በዚያው ዓመት ጁላይ እዚያው ሳን ዲዬጎ ውስጥ የኤድጋር ራይት «ስኮት ፒልግሪም» ሙሉውን ታየ። ባለታሪኩ ጭንብል ባያደርግም እንደ ቪዲዮ ጌም ጀግና የሚደባደብ የኮሚክ መጽሐፍ ልጅ ነው። ያዩት ሰዎች በደስታ አበዱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሕዝብ ሲወጣ 10.6 ሚሊዮን አግኝቶ አምስተኛ ሆነ፤ ወጪው ከ60 ሚሊዮን በላይ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ሲኒማስኮር የተባለው ድርጅት በመክፈቻው ምሽት ከሲኒማ ቤት የሚወጡ ተመልካቾችን ለፊልሙ ማርክ እንዲሰጡ ይጠይቃል። ለ«ስኮት ፒልግሪም» የሰጡት ኤ ማይነስ ነው። ይህ ጥሩ ውጤት ነው፤ የገቡት ወደውታል ማለት ነው። ችግሩ የገቡት ጥቂት መሆናቸው ነበር። ለመግባት ያላሰበው ሰው አዳራሽ ውስጥ ስለሌለ ድምፁ አይሰማም፤ ዝምታውን የሚቆጥር ካርድም የለም። የሳን ዲዬጎው ትልቁ አዳራሽ፣ ሆል ኤች፣ የሚይዘው 6,500 ሰው ገደማ ነው። «ዴድፑል» በሦስት ቀን ያስገባው ገንዘብ በጊዜው አማካይ የአሜሪካ ትኬት ዋጋ፣ በ8 ዶላር ከ65 ሳንቲም፣ ቢካፈል ወደ 15 ሚሊዮን ትኬት ይሆናል። 6,500 ሰው የቱንም ያህል ቢጮህ 15 ሚሊዮን አይሆንም።

ታዲያ የ«ዴድፑል» ጩኸት ለምን እውነት ሆነ? ቪዲዮውን ማን አሾለከው የሚለው ለዓመታት ሲያነጋግር ኖሯል፤ ሬይኖልድስም ራሱን ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ አድርጎ ሲቀልድበት ቆይቷል። ያሾለከው ሰው ጥቅም ነበረው እንበል። ያየው ሕዝብ ግን ተጋባዥ አልነበረም። ቀይ ምንጣፍ አልተነጠፈለትም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ላልጋበዝ እችላለሁ ብሎ የሚፈራው ነገርም አልነበረውም። ፖስተርና የተቀጠረ ቀን በሌለበት፣ ፊልሙ ራሱ በሌለበት ተናገረ። የዚያ ድምፅ ክብደት ከዚህ ነው የመጣው።

ሁለተኛው ምክንያት ከቀልዱ ሥር ያለው ነገር ነው። ፊልሙ በውስጥ አዋቂ ቀልዶች የተሞላ ነው። ጀግናው ወደ ላቦራቶሪ ሲወሰድ ልብሱ አረንጓዴ እንዳይሆን ይለምናል። ሬይኖልድስ በ2011 የሠራውን «ግሪን ላንተርን» የማያውቅ ሰው ይህ ቀልድ ያልፈዋል። ከዚያ በታች ግን ማንም የሚያውቀው ታሪክ አለ፤ ካንሰር እንዳለበት የተነገረው፣ የሚወዳትን ሴት ላለማሰቃየት ብሎ ሌሊት ጥሏት የሚጠፋ ሰው። ለዚህ ኮሚክ ማንበብ አያስፈልግም። አስተዋዋቂዎቹም ይህን ስለተረዱ ፊልሙ የፍቅረኞች ቀን ዋዜማ ላይ ሲወጣ የፍቅር ፊልም አስመስለው ፖስተር ለጠፉለት። ፖስተሩ ቀልድ ነበር፤ ግን ውሸት አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት ገቢው ከግማሽ በላይ ቀንሶ እንኳ 56 ሚሊዮን ዶላር ያስገባው አዋቂዎቹ አይተው ከጨረሱ በኋላ ሌላው ሰው ስለመጣ ነው።

ፊልሙ በወጣ በቀናት ውስጥ ሆሊዉድ ከ«ዴድፑል» የተሳሳተ ትምህርት ሊወስድ እንደሚችል በማኅበራዊ ገጹ የጻፈ አንድ ዳይሬክተር ነበር። ሰዎች የወደዱት ብልግናውን ወይም ካሜራ ማናገሩን ሳይሆን ፊልሙ ራሱን መሆኑን ነው፤ አሁን ግን ሁሉም ሊኮርጀው ይነሳል የሚል ሐሳብ ነበር። ያ ሰው ጄምስ ገን ነው፤ ከሰባት ዓመት በኋላ «ዘ ፍላሽ»ን ከታላላቆቹ ተርታ ያሰለፈው ያው ሰው። በ2016 የሚያወራው ስለሌላ ቤት ፊልም ነበር፤ በ2023 ግን የሚያወራው ስለራሱ ሱቅ ዕቃ ነው። ሰውዬው አልዋሸ ይሆናል፤ ምናልባትም ፊልሙን ከልቡ ወዶታል። ነገር ግን ሱቅ የከፈተ ሰው ዓይን ሱቅ እንዳልከፈተ ሰው ዓይን አያይም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን አስተያየት መናቅም ማምለክም አያስፈልግም፤ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል። የተናገረው ማን ነው? ማን ጋበዘው? እስከ መቼስ ዝም እንዲል የታዘዘው ስለ ምን ነበር? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ አዳራሹ ውስጥ ያልነበረው ማን ነው?

እነዚህ ጥያቄዎች ለፊልም ትኬት ብቻ የሚሆኑ አይደሉም። አንድ ሹመት፣ አንድ ስምምነት ወይም አንድ አዋጅ ይፋ በሆነ በመጀመሪያው ሰዓት ስልክ ላይ የሚጎርፈው «ሕዝቡ ተደሰተ» እና «ሕዝቡ ተቆጣ» የሚለው ወሬም ብዙ ጊዜ የአንድ አዳራሽ ድምፅ ነው። በፊልም ላይ ስህተቱ ቢበዛ የትኬት ዋጋና የስቱዲዮ ኪሳራ ነው። በአገር ጉዳይ ላይ ሲሆን ሂሳቡን የሚከፍለው ያልተጋበዘው ሰው ነው።